ቀለበቱ ጣራውን ሲመታ

ሟቹ በላቦራቶሪው ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ቀኝ እጁ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ተዘርግቷል፤ ከመዳፉ አጠገብ ልባሱ የተሰነጠቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጋድሟል። ከራስጌው ባለው የብረት ቁም ሣጥን ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። ከእሱ ሌላ በክፍሉ ውስጥ የወደቀ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ከመስኮቱ ሥር ያረፈ፣ አምባር የሚያህል የአሉሚኒየም ቀለበት።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያየችው ግን ጣራውን ነው። ጣራው ዝቅ ያለ ጣውላ ነው። ከጠረጴዛው በላይ ያለው ቦታ ፈንጣጣ እንደጎበኘው ፊት ተቦዳድሷል።

«ይኼን ጣራ ማን ነው እንዲህ የደበደበው?»

«እሱን ይተዉት» አለ ርዕሰ መምህሩ። ላብ የማይለየው አጭር ሰው ነው፤ መሐረቡን ከኪሱ ያወጣል እንጂ ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። «የሟቹ ሙከራ ነው። ቀለበት እያስዘለለ ያሳያቸዋል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ነገሩ ያው እንደሚያዩት ነው። ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ራሱን መታ፣ አለቀ። ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች አሉብን፤ ዛሬውኑ ቢጠናቀቅልን . . .»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

«የቱን?»

«‹አለቀ› ያሉትን።»

ርዕሰ መምህሩ ግንባሩን በመሐረቡ ጠረገ። ባልደረቦቿ «ድገሙልኝ» የሚል ቅጽል ያወጡላት በዚሁ ልማዷ ነው። እውነት የተናገረ ሰው ሲደግም ያሳጥራል፣ የዋሸ ሰው ሲደግም ያስረዝማል ባይ ናት።

ሐኪሙ ከሬሳው ጎን ተንበርክኮ ነበር። «የገደለው የጭንቅላቱ ምት ነው» አለ። «ኤሌክትሪክ ይዞት እንደሆነ እጁ አይናገርም። አንዳንዴ ምልክት ይተዋል፣ አንዳንዴ አይተውም።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ቀለበቱን አነሳች። ቀላል ነው። በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ስትዳብሰው ጥፍሯን አንድ ቦታ ላይ ያዝ አደረገው።  ቀለበቱን በወረቀት ጠቅልላ ያዘች፤ ዞር ስትል ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ነጭ ጋዋን አየች።

«የማን ነው?»

«የእሱው» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ከእሱ ሌላ በዚህ ቤት ጋዋን የሚለብስ ማን አለ?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አልነበረም። በዚያ ትምህርት ቤት፣ እንደ ብዙዎቹ ሁሉ፣ ሳይንስ የሚማሩት በጆሮ ነው። ማግኔቱ ቁልፍ ውስጥ ነው። ሽቦው ቁልፍ ውስጥ ነው። መለኪያው ከመጣበት ፕላስቲክ ሳይወጣ ቁልፍ ውስጥ ነው። እንዳይሰበር! ልጁ ግን ማግኔት በዓይኑ ሳያይ «ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል» እያለ ያነበንባል፤ ላነበነበበትም ሙሉ ማርክ ይሰጠዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። መሣሪያ እንዳይሰበር ብሎ አእምሮ የሚሰብር ሰው አይከሰስም፤ ይሾማል እንጂ። ከዚህ ሁሉ መሃል መሣሪያውን ከቁልፍ እያስወጣ፣ እየተጨቃጨቀ፣ ጠላት እያፈራ ለልጆቹ የሚያሳይ አንድ ሽማግሌ አስተማሪ ነበር። እሱ አሁን ወለሉ ላይ ተኝቷል።

*

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ በቀጥታ ከላቦራቶሪው በላይ ነው። ልጆቹ የሚማሩበትን የፊዚክስ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ስለሆነ ሁሉም «ደራሲው» ይሉታል፤ እሱም ስሙን አይጠላውም። መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተደርድሯል። ደራሲው ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ቆሞ እጆቹን ይፈትጋል።

«ሬሳውን ያገኙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የምሳ ሰዓት ነው፤ ግቢው ጭር ብሏል። እዚሁ ነበርኩ። ቀለበቱ ጣራውን ሲመታ ሰማሁ፤ የእሱ ጣራ የእኔ ወለል ነው። ወዲያው ከባድ ነገር ወደቀ። ሮጬ ወረድኩ፣ ማብሪያውን አጠፋሁ። ምን ያደርጋል፣ አልፏል።»

«ይድገሙልኝ።»

ደራሲው ጉሮሮውን ጠረገ። «መጀመሪያ ማብሪያው ቀጭ አለ። ከዚያ ጥቅል ሽቦው አጉረመረመ። ከዚያ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ጣራውን ጧ! አደረገው፤ ተመልሶ ወለሉ ላይ ሲንከባለልም ይሰማል። ከዚያ ነው እሱ የወደቀው። ጩኸት እንኳ አላሰማም፤ ኤሌክትሪክ ሲይዝ ድምፅ ይዘጋል።»

«ብዙ ሰምተዋል።»

«ጆሮዬ ለምዶታል። ስንት ዘመን ከእግሬ ሥር ሲደበድበኝ ኖሯል።»

«ወርደው አይተውት ያውቃሉ?»

«ምኑን?»

«ቀለበቱ ሲዘል።»

«እሜቴ» አለ ደራሲው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ፣ «መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪዋ ይህ ለጠየቀችው መልስ እንዳልሆነ ልብ አለች። ከመደርደሪያው አንዱን መጽሐፍ ሳበችና ገለጠችው። ስለ ቀለበቱ የሚናገረውን ገጽ ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ሥዕል አለው። ከሥዕሉ ሥር «አሉሚኒየምን ማግኔት ስለሚገፋው ቀለበቱ ወደ ላይ ይዘላል» ይላል።

«ልዋሰው?»

«ይውሰዱት፣ ይውሰዱት» አለ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልለምንዎት። ሽቦውን ጠዋት ያያያዘችው ወጣቷ መምህርት የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት እጄ ላይ ነው የቀረችው፤ እኔው አሳደግኳት፣ እኔው አስቀጠርኳት። ልባሱ እንደተሰነጠቀ እያወቀች ነው ያያያዘችው፤ ግን ለክፋት አይደለም። እባክዎ አይጨክኑባት።»

«የከሰሳት ሰው አለ እንዴ?»



*

የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ የቁልፍ ዘለላዋን ጭኗ ላይ አኑራ ታለቅሳለች። ቁልፎቹ አብረዋት ይንሿሿሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት የኔ እህት! ሌላ ሰው አይፈልጉ።»

«እንዴት አድርገው ገደሉት?»

«በእምቢታ! ልጅቱ ጠዋት መጥታ ‹እማማ፣ ሽቦው ልባሱ ተሰንጥቋል፣ አዲስ ስጪኝ› አለችኝ። ‹አዲሱ ለነገ እንግዶች ነው፣ ዛሬ ቢቆሽሽ ማን ይጠየቃል?› አልኳት። ምን ነበር ብሰጣት? ሽቦ ይበላል? እጄን ቆርጦ ይጣለው!»

«እጅዎን ተዉት፣ ያስፈልግዎታል። ሟቹን ‹ባለኪሱ› ይሉታል አሉ። ለምን?»

ሴትዮዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ሳታስበው ፈገግ አለች። «አይ እሱ! ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ሲነካ ግራ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ይከታል። በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ኤሌክትሪክ ልብን አቋርጦ ነው የሚያልፈው ይል ነበር። አንዴ እዚህ ቤት አምፖል ሊቀይርልኝ መጣና ጋዋኑን ረስቶ ኖሮ፣ ተመልሶ ሄዶ ለብሶ መጣ። ‹አምፖል ለመቀየር ነው ሙሽራ የሆንከው?› ብዬ ሳቅኩበት። ‹ኪስ የሌለው ሰው ሶኬት አይነካም› አለኝ። ሱሪው ኪስ አልነበረው መሰለዎት? ነበረው። ልማድ ነው።»

«ከማን ጋር ይጋጭ ነበር?»

«ከእኔ ጋር ያልተጋጨበት ቀን የለም። ግን የኔና የሱ ጠብ የባልና ሚስት ነው፤ ጠዋት ተጣልተን ከሰዓት ሻይ እንጠጣለን። ከደራሲው ጋር ያለው ግን . . .» አፏን በእጇ ከደነች። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እኔ ምንም አላልኩም።»

«እንግዲያው ያላሉትን ይድገሙልኝ።»

«መጽሐፉ ተሳስቷል ባይ ነው። ነገ በእንግዶቹ ፊት በሙከራ አሳያለሁ ብሎ ዝቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቢለምነው እምቢ፣ ልጅቱ ብትለምነው እምቢ። ‹ልጆቹ ስህተት ሲሸመድዱ እያየሁ ዝም ብል አብሬ ዋሸሁ› አላቸው።»

*

ወጣቷ መምህርት በላቦራቶሪው ጥግ፣ ተማሪዎች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ነበረች። ሬሳው ተነስቷል። የእጅ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። መርማሪዋ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች መምህርቷ፣ ሳትጠየቅ። «ይጻፉልኝ፣ ልፈርም። ሽቦው እንደተሰነጠቀ እያወቅኩ ነው ያያያዝኩት። እሳቸው ናቸው ይኼን ሁሉ ያስተማሩኝ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ገደልኳቸው።»

«መፈረሙ ይደርሳል። አሁን አንድ ነገር አስተምሪኝ። ፊዚክስ በሸምዳጅ እጅ ነው የተማርኩት፤ አንድም ነገር አላስታውስም።»

መምህርቷ ግራ ገብቷት አየቻት። ቢሆንም ተነሳች፤ አስተማሪ ናትና አላውቅም የሚልን ሰው ማለፍ አልቻለችም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የትንሹን ጥቅል ሽቦ ሁለት ጫፎች ከመለኪያው ጋር አገናኘች። ማግኔቱን ጥቅሉ ውስጥ ከተተችና ተወችው።

«መርፌውን ይዩ።»

«አይንቀሳቀስም።»

«ማግኔት አለ፣ ሽቦ አለ፣ ኤሌክትሪክ ግን የለም። አሁንስ?» ማግኔቱን ሳብ አደረገችው። መርፌው ዘለለ። መልሳ ከተተችው፤ መርፌው ወደ ሌላው ወገን ዘለለ። «መኖሩ አይበቃም፤ ለውጥ ያስፈልጋል። ኢንዳክሽን ማለት ይኼው ነው። ያ ትልቁ ጥቅል ደግሞ ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ስለሚያገኝ ማግኔትነቱ ያለማቋረጥ ይለዋወጣል። ቀለበት በመሃሉ ባለው የብረት ዘንግ ላይ ሲደረግ በቀለበቱ ዙሪያ ኤሌክትሪክ ይዞራል። የሚዞረው ኤሌክትሪክ ቀለበቱን ራሱን ማግኔት ያደርገውና ከጥቅሉ ጋር ይገፋፋሉ። ያኔ ይዘላል።» ፊቷ ለአፍታ በርቶ ነበር። ከየት እንደተማረችው ትዝ ሲላት ተመልሶ ጠፋ።

መርማሪዋ ቀለበቱን ከወረቀቱ ውስጥ አወጣች። «እዚህ ጋ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።»

«በብረት መጋዝ የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ሆን ብለው። ሁለት ቀለበት አላቸው፤ ድፍንና ቁርጥ። ድፍኑ ጣራ ይመታል። ቁርጡ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ኤሌክትሪኩ የሚዞርበት መንገድ ተቆርጧላ።»

«አሉሚኒየሙ ያው ሆኖ ሳለ?»

«ያው ሆኖ ሳለ። ለዚያ ነው የቆረጡት። አሉሚኒየምን ማግኔት ገፍቶት ቢሆን ቁርጡም ይዘል ነበር።»

መርማሪዋ መጽሐፉን ገልጣ ገጹን አሳየቻት። «ይኼስ?»

«ጋሼ ነው የጻፈው» አለች መምህርቷ ስለ አጎቷ፣ መጽሐፉን መልሳ እየከደነች።

«ድፍኑ ቀለበት የት ነው?»

የመምህርቷ ጣቶች በቦርሳው ማሠሪያ ላይ ጠበቁ። «አላውቅም።»

መርማሪዋ ጣቶቿን አየች፤ ፊቷን አየች፤ ከዚያ ተነሳች። «ነገ ጠዋት እዚሁ እንገናኛለን። ዛሬ ማታ ካጎትሽ ጋር ነሽ?»

«እንዴ፣ ከሱ ሌላ ማን አለኝ? ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንባዬን እየጠረገ ያለው እሱ ነው። ‹ሳታውቂ ነው ልጄ፣ ሳታውቂ ነው› ይለኛል።»

*

በማግስቱ የእንግዶቹ ጉብኝት ቀርቶ አራቱም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። ርዕሰ መምህሩ ከነመሐረቡ በሩ አጠገብ ቆመ። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መምህርቷ ዓይኗ አብጧል፤ አጎቷ ከጎኗ ተቀምጦ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሏል። በጠረጴዛው መሃል ትልቁ ጥቅል ቆሟል፤ የብረት ዘንጉ ወደ ጣራው ያመለክታል። ሽቦው አዲስ ነው። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ማንም ሳይጠይቃት ነው ያመጣችው።

«እዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ገዳይ ነኝ ይለኛል» አለች መርማሪዋ። «አንዷ ሽቦ በመከልከሏ፣ አንዷ ሽቦ በማያያዟ። ርዕሰ መምህሩ እስካሁን አልነገሩኝም፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ላባቸው አልደረቀም።»

«መጽሐፉ ተሳስቷል ብሎ ነግሮኝ ነበር» አለ ርዕሰ መምህሩ ቀስ ብሎ። «‹ታትሟል፣ ተበትኗል፣ አሁን ምን ይደረጋል፣ ተወው› አልኩት። ያኔ ሰምቼው ቢሆን . . .»

«ቢሆን ኖሮ ልጆቻችሁ እውነቱን ይማሩ ነበር፤ ሟቹም ይኖር ነበር። ይኼንን እርስዎ ይሸከሙት። እኔ የመጣሁት ግን ለሌላ ነው። የሁላችሁም ጸጸት ኤሌክትሪክ ገደለው በሚል አንድ ወሬ ላይ ነው የቆመው። ወሬው ከየት መጣ? ሟቹ ያለ ጋዋኑ ሶኬት አይነካም። ጋዋኑ ደግሞ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። እንግዲያው ሲሞት ሙከራ እየሠራ አልነበረም።»

«ልማድ ይረሳል» አለ ደራሲው በለሰለሰ ድምፅ። «አርጅቶ ነበር።»

«ሊረሳ ይችላል። ለዚህ ነው በጋዋን ብቻ ሰው የማልይዘው። እርስዎ ግን በጆሮዎ ሰምተዋል፤ ዋናው ምስክር እርስዎ ነዎት። እስቲ ይድገሙልን፤ ሁሉም ይስማ።»

«ቀለበቱ ጣራውን መታ። ከዚያ እሱ ወደቀ።»

መምህርቷ ቀና አለች። ይህን ቃል ከአጎቷ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። አጎቷ ትናንት እያባበላት ስለ ሽቦው እንጂ ስለ ቀለበቱ አልነገራትም ነበር።

መርማሪዋ ቀለበቱን ብረቱ ላይ አጠለቀች። «ወለሉ ላይ ያገኘነው ይኼ ነው። እባክዎ፣ ማብሪያውን እርስዎ ይጫኑልን። የሰሙትን እኛም እንስማው።»

ደራሲው ተነሳ። ፊቱ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ቀለል አለ፤ የታዘዘው በገዛ መጽሐፉ ገጽ ላይ የጻፈውን ነውና። ማብሪያውን ተጫነው። ጥቅሉ አጉረመረመ። ሁሉም ቀለበቱን ያያሉ። ደራሲው ብቻ ዓይኑን ወደ ጣራው አነሳ።

ጣራው ዝም አለ።

ሰውየው ቆይቶ ነው ዓይኑን ያወረደው። ቀለበቱ እንደተቀመጠ ነው። ማብሪያውን አጥፍቶ መልሶ ተጫነው። ጉርምርምታ ብቻ።

«ይኼ . . . ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም» አለች መርማሪዋ፣ ማብሪያውን እያጠፋች። «ተቆርጧል። ሟቹ ሊያሳይዎት የፈለገው ይኼንኑ ነበር። መጽሐፍዎ እውነት ቢሆን ይኼ ቀለበት ይዘል ነበር። ያመኑትን ጻፉ፤ ያመኑትን መሰከሩ። አንዴ ወርደው አይተው ቢሆን ኖሮ እንኳን ሊጽፉት ሊዋሹበትም አይደፍሩም ነበር።»

ደራሲው ተመልሶ ከልጅቱ ጎን ተቀመጠና እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ሞኝ አልነበረም። «እንግዲያው ሌላ ቀለበት አለ ማለት ነው። በሱ አስዘለለና በዚህ ቀየረው። እኔ የሰማሁት የፊተኛውን ነው። እንዴት ነው ይኼ ማስረጃ የሚሆነው?»

«ጥሩ ብለዋል። ሌላ ቀለበት አለ። የት እንዳለ ግን አላውቅም። ይኼን ክፍል ፈትሼ አላገኘሁትም።»

 መርማሪዋ ወደማንም አላየችም። የቁልፎቹ መንሿሿት እንኳ ቆመ።

መምህርቷ የአጎቷን እጅ ከትከሻዋ ላይ አነሳች፤ እንደሚሰበር ነገር ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ አኖረችው። ቦርሳዋን ከፈተች። ድፍኑ ቀለበት በእጅ መሐረብ ተጠቅልሎ ነበር።

«ከጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ጀምሮ እኔ ጋ ነው» አለች። «ሽቦውን ባያያዝኩበት ሰዓት ሰረቅኩት። ድፍኑ ከሌለ ነገ ማሳየት አይችሉም ብዬ። ጋሼ እንዳይዋረድ ብዬ። ከምሳ በኋላ ልመልሰው ስመጣ . . . ጋሼ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚዘል ቀለበት አልነበረም። ምንድነው የሰማኸው?»

«ልጄ . . .»

«ድገምልኝ! ምንድነው የሰማኸው?»

ደራሲው ወደ መርማሪዋ ሳይሆን ወደ ልጅቱ ዞረ። 

«ከደረጃው ሥር ይጠራኝ ነበር» አለ። «‹ቀለበቴን መልስ! ሌባ!› ይላል። ወረድኩ። ቀለበቱ እጁ ላይ ነው! እጁ ላይ ይዞት ቀለበቴን መልስ ይለኛል። አበደ አልኩ። ‹እጅህ ላይ ያለው ምንድነው?› ስለው ሳቀ። ‹ልዩነቱን እንኳ አታውቅም፣ አንተ ነህ የምትጽፍላቸው?› አለኝ። ያ ሳቅ . . . ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ቁም ሣጥኑ ነው የመታው።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«ሽቦውን እጁ አጠገብ አደረግኩት።»

«ከዚያ በፊት።»

ደራሲው ፊቱን በሁለት እጆቹ ሸፈነ። «ይተነፍስ ነበር። ልጮህ ነበር። ከተረፈ ይናገራል አልኩ። ቆሜ . . . ጠበቅኩ።»

ርዕሰ መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ «ወይኔ!» ብላ ቁልፎቿን ጣለቻቸው።

«ሌሊቱን ሙሉ ‹ገደልኳቸው፣ ገደልኳቸው› ስል ነበር» አለች መምህርቷ። አልጮኸችም። «አጠገቤ ተቀምጠህ ሰማኸኝ። ልፈርም ስል ‹አይዞሽ› አልከኝ።»

«አንቺን በስህተት ብለው ይምሩሻል ብዬ . . .»

«እናቴ ስትሞት ‹አይዞሽ› ያልከኝ በዚሁ ድምፅ ነበር።»

 ውጭ ይጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ደራሲው በበሩ ላይ ቆም ብሎ ወደ ጥቅሉ አየ። ድፍኑ ቀለበት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሲዘል ማየት የፈለገ ይመስል ነበር። ማንም አላሳየውም።

መምህርቷ አግዳሚው ላይ ቀረች። መርማሪዋ ከጎኗ ተቀመጠች።

«ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ያውቁ ነበር አይደል?»

«አውቅ ነበር። እኔ በርብሬ ባወጣው ሰርቀሽ የደበቅሽው ዕቃ ይሆናል። አንቺ ስታወጪው ምስክርነት ነው።»

«ባልሰርቀው ኖሮ አይጠሩትም ነበር። አይጣሉም ነበር።»

መርማሪዋ «አይደለም» ልትላት ትችል ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። አላለቻትም። ውሸት ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፤ ለመጽናኛ እንኳ መዋሸት አይሆንላትም።

«ቀለበቱን ወስደሻል» አለቻት። «የአጎትሽን እጅ ግን አልገፋሽለትም፤ ቆመሽም አልጠበቅሽም። የወሰድሽውን ያህል ተሸከሚ። ከዚያ በላይ አንዲት ግራም አትጨምሪ።»

*

ትምህርት ሲቀጥል ወጣቷ መምህርት በሽማግሌው ጋዋን ገባች። ሰፍቷታል፤ እጅጌውን አጥፋዋለች።  ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

መጀመሪያ ቁርጡን ቀለበት አጠለቀች። ጥቅሉ አጉረመረመ፤ ቀለበቱ አልነቃነቅም አለ። «ለምን?» ብላ ጠየቀቻቸው። መልሱን አልነገረቻቸውም፤ እስኪከራከሩ ጠበቀች። ሁለት ልጆች ሊጣሉ ደረሱ። ከኋላ አንዷ «መጽሐፉ ላይ ግን ይዘላል ይላል!» ብላ ጮኸች።

«መጽሐፉ ተሳስቷል» አለች መምህርቷ። ድምፏ ትንሽ ተሰበረ፤ ጠገነችው።

ከዚያ ድፍኑን አጠለቀችና ማብሪያውን ተጫነች። ቀለበቱ ተፈናጠረ። ጧ! ጣራው ላይ አዲስ ጠባሳ ተጨመረ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ «ይደገም! ይደገም!» አሉ።

«ቲቸር፣ ከላይ ያሉት ሰውዬ አይቆጡም?» አለች አንዷ።

መምህርቷ ወደ ጣራው አየች። ጣውላው ጸጥ ብሏል፤ ወንበር አይንቋቋም፣ እግር አይሰማም።

«ከላይ ማንም የለም» አለችና ቀለበቱን መልሳ አጠለቀችው።